በረንዳው ላይ የተሰቀለው ባዶ ሳጥን

ሸዋ ሮቢት
ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድም ጋሼ ካሚል፣ ጅቡቲ ላለኸው፤

ሰላሜ ካለህበት ያግኝህ፤ አላህ ጤናህን አያጓድልብህ። የእኛን ብትጠይቅ ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። ሰሊማም ልጆችህም ደህና ናቸው። ትንሿ ልጅህ ጥርስ ጀምራ ያገኘችውን ሁሉ ትነክሳለች፤ ባለፈው የመብራት መፈተሻ ቴስተሬን መያዣ ስታኝክ አግኝቻት ከእናቷ ጋር ስንስቅ ዋልን። ሙቀቱን አታንሳው። የሮቢ ወንዝ ከድንጋዩ ሥር ገብቶ ተደብቋል፤ ማንጎው ግን ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፍርቷል። ጅቡቲ ከዚህም ይብሳል ይላሉ። ጣሪያ ላይ ስትወጣ ራስህን ሸፍን፤ ሳይጠማህ ውሃ ጠጣ።

በዚህ ዘመን ደብዳቤ ምን አመጣው ትል ይሆናል። ስደውልልህ አታነሳማ። ብታነሳልኝም ድምፅህን ስሰማ ልቤ እንደሚራራ አውቀዋለሁ፤ ገና «ፋዲልዬ» ስትለኝ ልናገር ያሰብሁት ሁሉ ይጠፋብኛል። ስለዚህ ጭነት ይዞ ወደ እናንተ ለሚሄደው ለሾፌሩ ለሀብታሙ ልሰጠው ብዬ ቁጭ አልሁ። በእጅህ ሳያስረክብ እንዳይመለስ አደራ ብየዋለሁ።

ለሰሊማ የላክኸውን የድምፅ መልእክት ሰምቼዋለሁ። ስልኩን ከፍታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችልኝና ራሷ ወደ ጓሮ ወጣች። በመጪው ሳምንት ማክሰኞ ፈቃድ ሰጪው ቢሮ ሲጠሩኝ ዝም እንድል፣ ቢበዛ የሙያ ፈቃዴን ለጊዜው እንደሚይዙብኝ፣ የአንተ ስም ከተነሳ ግን እዚያ ያገኘኸው ሥራ እንደሚያበቃ፣ ለልጆቹ ስል እንዳስብበት። ሁሉንም ሰማሁ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው «ንገሪያት» ነው የምትለው። አንድ ጊዜ እንኳ «ፋዲላ» ብለህ ለእኔ አልተናገርህም። ሰሊማ ስትመለስ «አማልጂኝ ብሎ ነው የላከብኝ፤ እኔ ግን አላማልድም። አድርጊም አታድርጊም አልልሽም» አለችኝና ልጇን አቅፋ ገባች።

የሆነውን አንተ ታውቀዋለህ። ከእኔ በኩል እንዴት እንደነበረ ግን አንድም ቀን አልጠየቅኸኝም። ስለዚህ ዛሬ እስከ መጨረሻው ትሰማኛለህ።

የብሬከር ሳጥን የት እንደሚሰቀል ያስተማርኸኝ አንተ ነህ። አባባ ከሞቱ በኋላ «መሰላል ያዥልኝ» ብለህ ይዘኸኝ ስትዞር፣ በትምህርት ቤት ቀሚሴ ላይ የአንተን ሸሚዝ ደርቤ ነበር የምከተልህ። ሰው «ሴት ልጅ ደግሞ ጣሪያ ላይ ምን ትሠራለች?» ሲልህ «አለቃዬ እሷ ናት» ትላቸው ነበር። ያኔ ያልኸኝን ሁሉ አስታውሳለሁ። ከመንገድ የሚገባውን መብራት ከምሰሶው ላይ መቁረጥ ይቻላል፤ የጣሪያው ሶላር ግን ፀሐይ እስካለች ድረስ ይልካል፤ የሚያስቆመው ያ ሳጥን ብቻ ነው አልኸኝ። ፀሐይ ካገኘው በሮቢት ሙቀት ከሰዓት በኋላ በራሱ እየጠፋ ያስቸግራል። ዝናብ ከመታው ይበላሻል። ከሥሩ የሚቀጣጠል ነገር መኖር የለበትም። የሚያጠፋው ሰው ቁልፍም በርጩማም መፈለግ የለበትም። መመሪያውም የሚለው ይህንኑ ነው። አንተ ግን የራስህን ጨመርህበት፤ «ሁልጊዜ የቤቱን አጭር ሰው ጥሪ» አልኸኝ። ከቤቱ ትልልቅ ሰዎች አጭሩ ግድግዳው ሥር ቆሞ እጁን ወደ ላይ ይዘረጋል፤ ጣቱ የደረሰበት ላይ በጠመኔ ምልክት እናደርጋለን፤ ሳጥኑ ከዚያ በላይ አይወጣም። ከካራቆሬ እስከ ደብረ ሲና በሠራንባቸው ቤቶች ሁሉ ሰው በዚህ ሲስቅብን ኖሯል። አጭር መባል ያናደደው አባወራም ስንቱ ነው።

እትዬ ፋናዬ ቤት ደግሞ አጭሯ ራሳቸው ነበሩ። አጣዬ ያቋቋሙትን ምግብ ቤት በዚያ ክፉ ዓመት እሳት በላባቸውና እዚህ መናኸሪያው አጠገብ፣ ከሱቃችን ፊት ለፊት፣ የለስላሳና የጭማቂ ቤት ከፈቱ። ፍሪጁ እንጀራቸው ነው። ሶላሩን ያስገቡትም መብራት በሄደ ቁጥር ፍሪጁ እንዳይጠፋባቸው ብለው ነው። ከአጣዬ ወዲህ ግን ውጪ የዋለ ነገር ሁሉ የሚወሰድባቸው ይመስላቸዋል፤ መጥረጊያ እንኳ ቆልፈው ነው የሚያድሩ። ስለዚህ ያንን ሳጥን እቃ ቤቱ ውስጥ አድርጉልኝ ብለው ችክ አሉ።

«ቁልፉ እንደሆነ ከወገቤ አይለይም» አሉኝ።

«እትዬ፣ እሳት ቢነሳ ቁልፍ ሲፈልጉ ነው የሚደርስብዎት» አልኋቸው።

«አንቺ ልጅ፣ እሳት እሳት አትበይብኝ። እኔ እሳትን ካንቺ አልማርም።»

አፈርሁ። ግን አልተውኋቸውም። ስንጨቃጨቅ ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቷል። በመጨረሻ እየተነጫነጩ በረንዳው ላይ ቆሙልኝ፤ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር፣ ቀኑን ሙሉ ጥላ የሚሆነው ግድግዳ ላይ እጃቸውን ዘረጉልኝ፤ በጠመኔ ምልክት አደረግሁ። አንተም አጠገቤ ቆመህ «ጎበዝ» አልኸኝ።

ወዲያው የካራቆሬዋ አክስታችን ለቅሶ መጣ። «አንቺ ሂጂ፣ እኔ እጨርሰዋለሁ» ብለህ ላክኸኝ። ስመለስ ሳጥኑ ምልክቴ ላይ ተሰቅሎ አገኘሁት። ክዳኑ ገጥሟል፤ ቱቦው ቀጥ ብሎ ወደ ጣሪያው ይወጣል። ከቢሮ የሚመጣው ተቆጣጣሪ አቶ ካሳሁንም ቁመቱን ለክቶ፣ ጥላ መሆኑን አይቶ አልፎታል። መንገድ ላይ ቆሜ አየሁትና ኮራሁብህ። «እትዬን እንዴት አድርገህ አሳመንሃቸው?» ስልህ «እኔን እምቢ የሚል ሰው አለ?» ብለህ ሳቅህ። አብሬህ ሳቅሁ። ይህቺን ሳቅ እስከ ዛሬ ሳስታውሳት ፊቴ ይግላል።

እሳቱ የተነሳ ዕለት አንተ ለሥራ ደብረ ሲና ወጥተህ ነበር። እኔ ዙሁር ሰግጄ የሱቃችን በር ላይ ተቀምጫለሁ። የሚቃጠል የሽቦ ላስቲክ ሸተተኝ፤ የእኛ ሙያ ሰው ያንን ሽታ አይስተውም። ተሻግሬ ስገባ የሶላሩን ኃይል የሚቀይረው ኢንቨርተር አጠገብ ኬብሉ ይንጣጣል፤ ከሥሩ የተደረደረው የለስላሳ ካርቶን ተያይዟል። እትዬ በሩ ላይ ቆመው ይጮኻሉ፤ ሰው ባልዲ ይዞ እየሮጠ ነው። «ውሃ እንዳትደፉ፣ መጀመሪያ ላጥፋው» ብዬ ወደ በረንዳው ሄድሁ፤ ክዳኑን ከፍቼ ብሬከሩን ወደ ታች ሳብሁት። ቀጭ አለ። አንተ ያስተማርኸኝ ጆሮዬ ያንን ድምፅ ሲሰማ ሌላ ማረጋገጫ አይፈልግም። ዞሬ «ጠፍቷል፣ ግቡ» አልሁ።

እትዬ እኔን አምነው ገቡ። የሚነደውን ካርቶን ከኬብሉ ሊያላቅቁ ቀኝ እጃቸውን ሰደዱ። ከዚያ በኋላ የሰማሁትን ድምፅ አልጽፍልህም። ወለሉ ላይ ወድቀው ሳያቸው እኔ አሁንም የማስበው «አጥፍቼዋለሁ እኮ፣ አጥፍቼዋለሁ እኮ» ብቻ ነበር።

ተመልሼ ሄጄ የሳጥኑን የውስጥ ሽፋን ገነጠልሁት። ብሬከሩ ላይ አንድም ሽቦ አልታሰረም። ቱቦው ውስጥ ጣቴን ብሰድ ምንም የለም። ካሚል፣ ባዶ ሳጥን ነው የሰቀልኸው። በእኔ ምልክት ላይ፣ ለተቆጣጣሪው ዓይን፣ ለእኔም ዓይን ብለህ ባዶ ሳጥን ሰቀልህ። ያኔ ነው የእትዬ ጭቅጭቅ ትዝ ያለኝ። ቁልፉን ከወገባቸው ፈትቼ እቃ ቤቱን ከፈትሁ። እውነተኛው ሳጥን እዚያ ነበር፤ ከመደርደሪያው በላይ፣ ከእሳቸውም ከእኔም እጅ በላይ፣ አንተ ብቻ ቆመህ የምትደርስበት ቦታ ላይ። የለስላሳ ሳጥን ላይ ወጥቼ አጠፋሁት። ሰዎቹም ውሃቸውን ደፉ። እትዬን ግን አልደረስሁላቸውም።

ለምን እንዳደረግኸው ይገባኛል፤ ሰው አታስቀይምም። እትዬ ሳጥኑን ውስጥ ፈለጉት፣ ውስጥ አደረግህላቸው። አቶ ካሳሁን ውጪ ፈለገው፣ ውጪ አሳየኸው። እኔም ውጪ ብዬ ነበር፤ ለእኔም አሳየኸኝ። እትዬን ደግሞ «ውጪውም ውስጡም ይሠራል» ብለሃቸው ነበር። ሁላችንም ደስ ብሎን ወደየቤታችን ገባን። ከልጅነትህ ጀምሮ እንዲህ ነህ፤ የጠየቀህን ሁሉ እሺ ትላለህ፤ እኔም ደግነት ይመስለኝ ነበር።

እትዬ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ተኝተው ሳሉ ልትጠይቃቸው ሄድህ። ማንጎውን አንድ በአንድ እያሸተትሁ መርጬ በፌስታል ያሰርሁልህ እኔ ነኝ። «ሰላም በልልኝ፣ እኔ ፊታቸውን ለማየት ገና አቅም የለኝም» አልሁህ። እሺ አልኸኝ። በማግስቱ አቶ ካሳሁን መጣ፤ ሽማግሌዎችና ጎረቤቶች በእትዬ በረንዳ ላይ ተሰበሰቡ። «ይህን ባዶ ሳጥን እዚህ የሰቀለው ማን ነው?» ሲል ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ። እኔ አንተን አየሁ። ልትናገር ጉሮሮህን ጠረግህ፤ ልቤ ተረጋጋ።

«ፋዲላ ናት» አልህ። «ምልክቱም የእሷ ነው፣ ሥራውም የእሷ ነው።»

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። አቶ ካሳሁን ሁለቱንም ሳጥኖች ከፍቶ አያቸው፤ የማን ሥራ እንደሆነ ሊለይ አልቻለም። እንዴት ይለየዋል? ብሎን አጠባበቄም፣ ኬብል አሰላለፌም ያንተ ነው፤ ሌላ አስተማሪ አልነበረኝም። ጎረቤቶቹ ደግሞ «በረንዳው ላይ ይሁን ብላ ስትከራከር የነበረችው እሷ ናት፤ ጠፍቷል ግቡ ያለችውም እሷ ናት» አሉ። ውሸት አልተናገሩም። እኔ አንተ ቀና ብለህ እንድታየኝ እጠብቅ ነበር። አንተ መሬት መሬት ታያለህ። አፌን ብከፍት በሰው ፊት ያሳደገኝን ወንድሜን ውሸታም ማለቴ ነው። ዝም አልሁ።

እውነቱን ልንገርህ፤ ለዚያ ቃል ይቅር ብዬህ ነበር። ደንግጦ ነው አልሁ። ሰው ሲደነግጥ ከአፉ የሚወጣውን አያውቅም፤ ሲረጋጋ መጥቶ ይነግረኛል፤ አብረን ሄደን እናስተካክለዋለን ብዬ ጠበቅሁህ። አንተ ግን ሻንጣህን ይዘህ የኮምቦልቻን መኪና ተሳፈርህ። ተሰናብተኸኝ እንኳ አልሄድህም። ያንንም ሐፍረት ነው ብዬ ተረጎምሁልህ። ስንት ነገር እንደተረጎምሁልህ ብታውቅ።

ከዚያ ወዲህ ጣሪያ የሚያስወጣኝ የለም። ሱቁ እንደተዘጋ ነው። አሁን ሽንኩርት መጋዘን ገብቼ የበሰበሰውን ከደህናው እለያለሁ። ሴቶቹ ጥሩ ሰዎች ናቸው፤ ግን የመጋዘኑ አምፖል ሲጠፋ ሁሉም እኔን ያዩኛል፣ ከዚያ ደግሞ ትዝ ሲላቸው ዓይናቸውን ይመልሳሉ። አንድ ቀን ቆጣሪው አጠገብ ብቆም የመጋዘኑ ባለቤት «እዚያ እንዳትነኪ» አለኝ። በቁጣ ቢሆን ምንም አልነበረም፤ በፍርሃት ነው ያለኝ። ያን ዕለት ቤቴ ገብቼ አለቀስሁ።

እትዬ ከሆስፒታል ከተመለሱ ጀምሮ ከሥራ ስወጣ እሄድላቸዋለሁ። የቀኝ እጃቸው ጣቶች ተጨብጠው ቀርተዋል፤ ማንኪያ አይዙም፣ ብርጭቆ አይዙም። ጭማቂ ቤቱ ተዘግቷል። በመጀመሪያ የሄድሁ ዕለት ይረግሙኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። እሳቸው ግን ግራ እጃቸውን ዘርግተው ሳሙኝ፤ ከእኔ በቀር ማንም እንዲያጎርሳቸው አይፈልጉም። ለምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር። ባለፈው ሐሙስ ሾርባ እያጠጣኋቸው ሳለ ገባኝ።

«ፋዲላ ልጄ» አሉኝ፣ «ሰው ምንም ቢልሽ ያደረግሽውን እግዜር አይቶታል።»

«ምን አደረግሁ እትዬ?» አልኋቸው።

«ለወንድምሽ ብለሽ ጥፋቱን በራስሽ መውሰድሽ ነዋ። ሆስፒታል መጥቶ ነግሮኛል። ‹ከፋዲላ ጋር ተነጋግረናል፣ እኔ ልሸከምልህ ብላለች፣ ከጠየቁዎት እሷ ናት ይበሉልኝ› ብሎ አልጋዬ ሥር ተንበረከከ። ሳጥኑን ውስጥ አድርግልኝ ብዬ የለመንኩት እኔ፤ ምን አፍ አለኝ? እሺ አልኩት። አንቺን የመሰለች እህት ግን በዕድሜዬ አላየሁም። እግዜር የሚክስሽ ልጅ ይስጥሽ።»

አሜን አልሁ። ማንኪያውን እንደያዝሁ አሜን አልሁ። ሌላ ምን ልበል? ሾርባውን አጠጥቼ ጨረስሁ፣ አፋቸውን ጠረግሁ፣ ሳህኑን አጠብሁ፤ ከዚያ መንገዱን ተሻግሬ የሱቃችን በር ላይ ተቀመጥሁ።

ይኸውልህ ካሚል፣ ደንግጠህ አልነበረም። አስበህበት ነው። እኔ በሰጠሁህ ማንጎ ታማሚ ጠይቀህ፣ እኔ ያልሰጠሁህን ቃል ሰጠሁ ብለህ፣ በማግስቱ በሰው ፊት የምትለውን አዘጋጅተህ መጣህ። በረንዳው ላይ ጉሮሮህን ስትጠርግ የምትለውን ታውቀው ነበር። እኔ ዓይንህን ስፈልግ አንተ የእኔን ዝምታ ቀድመህ ቆጥረኸው ነበር። ዝም እንደምል በምን አወቅህ? አንተ ስላሳደግኸኝ ነው። በምወድህ ልክ ለክተህ ነው የጎዳኸኝ። ከዳኸኝ። ይህን ቃል ብዙ ቀን ስሸሸው ነበር፤ አሁን ጽፌዋለሁ፣ አልሰርዘውም። አንጀቴ አሯል።

ዛሬ ወደ እትዬ ተመልሼ ሄድሁ። በውሸት የተመረቀ ምርቃት ይዤ መኖር አልቻልሁም። «እትዬ፣ ካሚል እኔን አላናገረኝም፤ እኔም ልሸከምልህ አላልሁትም» አልኋቸው።  ቀኝ እጃቸውን በግራቸው ይዘው ወደ ጭናቸው አስጠጉ።

«እንደው ምንም አላለሽም?» አሉኝ።

«ምንም።»

«ታዲያ እኔ ሳላውቅ አንቺን አብሬ አሳልፌ ሰጠሁሽ ማለት ነው» አሉና አለቀሱ። እኔ ነኝ ያባበልኋቸው። ሲረጋጉ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና «ማክሰኞ ባጃጅ በር ድረስ አስመጪልኝ፤ እዚያ ቢሮ ደረጃ እንዳለው ግን ጠይቂ» አሉኝ። ከዚያ ደግሞ «እሱንም ልጄ ነው የምለው፤ ይህ ነው ክፋቱ» አሉ።

ስለዚህ ማክሰኞ እትዬና እኔ አብረን እንሄዳለን። የሆነውን ሳልጨምር ሳልቀንስ እናገራለሁ። የአንተን ስም እጠራለሁ። ይህ ሥራህን ሊያሳጣህ እንደሚችል አውቃለሁ። ሰሊማንና ልጆቹን እንደሚነካም አውቃለሁ፤ ለሰሊማ ነግሬያታለሁ፤ ሰምታኝ «ሽንኩርት መጋዘኑ ጋ ሌላ ሴት ይፈልጋሉ?» ብቻ ነው ያለችኝ። እኔ እስካለሁ ድረስ ልጆችህ የሚጎድልባቸው ነገር እንዳይመስልህ። አክስታቸው ነኝ፤ ይህ ባንተና በእኔ ነገር አይለወጥም።

ደብዳቤው ግን ከማክሰኞ በፊት ይደርስሃል። ለአቶ ካሳሁን ራስህ ደውለህ «እኔ ነኝ» ብትለው እኔ ቢሮ ገብቼ አፌን አልከፍትም፤ ካንተ አፍ መውጣቱ ለሁላችንም ይሻላል። ካልደወልህ እናገራለሁ። ይህን አስቀድሜ የምነግርህ ላስፈራራህ ብዬ አይደለም። ስምህ በሰው ፊት ሲጠራ ድንገት እንዳይሆንብህ ነው፤ ድንገት ሲሆን ሰውን ምን እንደሚያደርግ እኔ በራሴ ስላየሁት።

ልጨርስልህ። እትዬ ፋናዬ አልጋ ሥር ተንበርክከህ ለመንህ። ሰሊማንም ከድንበር ማዶ ለመንህ። እኔ ያንተ ክፍል አጠገብ ነበር የምተኛው፤ በመካከላችን አንድ ግድግዳ ነበር። አንኳኩተህ «ፋዲልዬ፣ ፈራሁ፤ ይህን ነገር አንቺ ያዥልኝ» ብትለኝ ኖሮ፣ ወላሂ፣ ለምን ሳልልህ እሺ እልህ ነበር። ፈቃዴንም ስሜንም እሰጥህ ነበር፤ ሽንኩርቱንም እየዘፈንሁ እለቅመው ነበር። አንተ ግን እኔን ብቻ አልጠየቅኸኝም።

አላህ ከወጣህበት በሰላም ያውርድህ፤ ሙቀቱንም ብርዱንም ያቅልልህ፤ ልብህንም ወደ እኛ ይመልስልን። አሚን።

ያሳደግኸኝ እህትህ
ፋዲላ